ፓይተን ያለ ስንብት ሲሞት፦ የሲ ኮድ ስንጠራ የሚገጥመንን ክራሽ አድኖ መያዝ

ፓይተን ሲሳሳት መናገር ይወዳል። ከሊስት ውጭ ብትረግጡ ወይም የሌለ ቁልፍ ብትጠይቁ፣ በየትኛው ፋይል ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ዘርዝሮ ይነግራችኋል። አንድ ቀን ግን ምንም አይልም። ተርሚናሉ ላይ «ሴግመንቴሽን ፎልት» የምትል አንዲት መስመር ትወጣለች፣ ፕሮግራሙም የለም። ኮዱን በትራይና በኤክሴፕት ከባችሁት ነበር? አልረዳም። መጨረሻ ላይ እንዲጻፍ ያዘዛችሁት ሎግስ? አልተጻፈም።

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተሠራ ላይብረሪ ከፓይተን ስንጠራ ነው። ሰው ቶሎ የሚወቅሰው ፓይተንን ነው፣ ወይም ላይብረሪውን የጻፉትን ሰዎች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። በእኔ ልምድ ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው ሁለቱን ለማገናኘት ራሳችን በጻፍናት ትንሽ ኮድ ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ሲገጥመኝ የምከተለው አካሄድ ነው። ምሳሌዎቹ በፓይተንና አብሮት በሚመጣው ሲታይፕስ (የሲ ላይብረሪ መጥሪያ ሞጁል) ናቸው። በሩቢ ወይም በሉዋ የምትሠሩም ስሞቹ ይለያዩባችሁ እንደሆነ እንጂ በሽታው አንድ ነው።

ምን እየሆነ ነው?

ፓይተን ውስጥ በየበሩ ዘበኛ አለ። 10 ነገር ያለው ሊስት ላይ 11ኛውን ብትጠይቁ «የለም» ይላችኋል። ሲ ውስጥ ዘበኛ የለም። ፖይንተር የአድራሻ ቁጥር ነው፤ አድራሻው የእናንተ ይሁን የሌላ ሲ አይጠይቅም። ለፕሮሰሳችሁ ያልተመደበ አድራሻ ከነካችሁ ፕሮሰሰሩ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያሳውቃል። እሱም ሲግናል 11 ልኮ ፕሮሰሱን ይገድለዋል። ኢንተርፕሪተሩም የሚኖረው እዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይሞታል። ኤክሴፕት የሚለውን መስመር የሚያስኬደው ማን ቀርቶ?

እንዲህ ወዲያው ከሞተ ግን ዕድለኞች ናችሁ። የከፋው ድንበር መግፋት ነው። 16 ባይት በሚይዝ በፈር (የዳታ ማቆያ ቦታ) ላይ 20 ባይት ብትጽፉ ትርፉ 4 ባይት ጎረቤት ላይ ያርፋል። ጎረቤቱም የዚያው ፕሮሰስ ንብረት ከሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምን አገባው? ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ከላይብረሪው ጋር በማይገናኝ ቦታ፣ አንድ ተራ ዲክሽነሪ ሲሠራ ይወድቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ የወደቀበት መስመር ያጠፋው መስመር ነው ብላችሁ አትነሱ። ብዙ ሰው ቀናት የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

1. በምን እንደሞተ አረጋግጡ

ወደ ኮዱ ከመግባታችሁ በፊት ፕሮግራሙ ሲሞት የተወውን ቁጥር እዩ። ሊነክስና ማክ ላይ ሼሉ 139 ካላችሁ፣ 128 ሲደመር 11 ነው፤ የሜሞሪ ክራሽ ነው። 134 ከሆነ ሲግናል 6 ነው። ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ አቁሟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሲ ላይብረሪው «ሂፑ (ፕሮግራሙ ሜሞሪ የሚወስድበት ቦታ) ተበላሽቷል» ወይም «አንድ ነገር ሁለቴ ተለቋል» የሚል መልእክት ጽፎ ነው እንዲህ የሚያደርገው። 137 ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ያ ሲግናል 9 ነው። ከውጭ የተገደለ ፕሮሰስ ነው፤ ምናልባት ሜሞሪ አልቆበት። ይህ ጽሑፍ ለሱ አይሆንም።

ፕሮግራሙን ያስነሳችሁት ከሌላ ፓይተን በሰብፕሮሰስ ከሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ሆኖ ይመጣል፤ 139 የነበረው ኔጌቲቭ 11 ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሲታይፕስ አንዳንዱን የአክሰስ ቫዮሌሽን ስህተት ይይዝና ኦኤስኤረር አድርጎ ይሰጣችኋል። ይህ ምቹ ይመስላል። ግን ኤክሴፕሽኑን ውጣችሁ አትቀጥሉ፤ እዚያ እስኪደርስ ምን እንዳበላሸ አታውቁም።

2. ፎልትሃንድለርን አብሩ

ከፓይተን 3.3 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ሞጁል ነው። ማብራቱ ቀላል ነው፦ ፓይተንን ስታስነሱ ዳሽ ትልቁ ኤክስ ፎልትሃንድለር ጨምሩ፣ ወይም ፓይተንፎልትሃንድለር የሚባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል 1 አድርጉ፣ ወይም ኮዱ መጀመሪያ ላይ ሞጁሉን አስገብታችሁ ኢነብል የሚለውን ፋንክሽን ጥሩ። ፕሮሰሱ ሊሞት ሲል በየትሬዱ (ጎን ለጎን በሚሄደው የሥራ መስመር ሁሉ) የትኛው የፓይተን መስመር ላይ እንደነበረ ይጽፍላችኋል። አንዳንድ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ ከለመድነው ትሬስባክ በተቃራኒ እዚህ የመጨረሻው ጥሪ ያለው ከላይ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። ጽሑፉ የሚወጣው በስታንዳርድ ኤረር ስለሆነ ፕሮግራሙ ሰርቪስ ሆኖ ከኋላ የሚሠራ ከሆነ ያ ውጤት የሚቀመጥበት ፋይል ይኑር። ሌላው፣ በፕሪንት የምታድኑ ከሆነ የመጨረሻው የታየ ፕሪንት የመጨረሻው የተሠራ መስመር ላይሆን ይችላል። ውጤት በፈር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፕሮሰሱ ሲገደል የተጠራቀመው አብሮ ይቀበራል። ዳሽ ትንሹ ዩ ብላችሁ አስነሱት፣ አለዚያ በየፕሪንቱ ፍላሽ አድርጉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ምንም ያላጠፋ ፋንክሽን ስበረብር የዋልኩበት ቀን አለ።

3. አሳንሱት

ትልቁን ፕሮግራም ይዛችሁ አትታገሉ። ላይብረሪውን የምትጠራዋን ክፍል ብቻ አውጡና 20 መስመር ያህል ስክሪፕት አድርጓት። ከዚያ ሉፕ ውስጥ ከታችሁ ሺህ ጊዜ አስጠሯት። በየዙሩ የጋርቤጅ ኮሌክተሩን ኮሌክት ፋንክሽን ጥሩ፤ አንዳንድ አዳዲስ ባይቶችም ፈጥራችሁ ጣሉ። ይህ ሜሞሪውን ያተራምሰዋል፤ ሊደበቅ የፈለገ ስህተት ቶሎ ብቅ ይላል።

አወዳደቁ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ሁልጊዜ የሚወድቅ ከሆነ ታይፕ ተሳስታችኋል፤ ወደ 4 ሂዱ። ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚወድቅ ከሆነ የባለቤትነት ወይም የድንበር ጉዳይ ነው፤ 5 እና 6ን በደንብ አንብቡ። ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ትሬድ ጠርጥሩ።

4. ሄደር ፋይሉን (የላይብረሪውን ፋንክሽኖችና ታይፖች የሚዘረዝረውን የሲ ፋይል) ከፍታችሁ ታይፖቹን በሙሉ አሳውቁ

ሲታይፕስ ላይብረሪውን ሲከፍት የሚያውቀው የፋንክሽኑን ስም ብቻ ነው። ስንት ነገር እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ አያውቅም። የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ የነገራችሁትን ያምናል። ካልነገራችሁት ደግሞ ይገምታል። ግምቱም «የሚመልሰው ኢንት ነው» የሚል ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኢንት 4 ባይት ነው፤ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647። በ64 ቢት ሊነክስ ላይ ፖይንተር 8 ባይት ነው፤ አድራሻዎቹም ብዙ ጊዜ 140 ትሪሊዮን አካባቢ የሚደርሱ ቁጥሮች ናቸው። ላይብረሪው «ይኸው አዲሱ ዕቃህ» ብሎ ፖይንተር ሲመልስ፣ ሲታይፕስ ኢንት መስሎት የታችኛውን ግማሽ ይወስድና የላይኛውን ይጥለዋል። እናንተ ያንን ግማሽ አድራሻ ይዛችሁ ለቀጣዩ ፋንክሽን ትሰጣላችሁ። ያኔ ጉድ ይፈላል። የሚያናድደው፣ አድራሻው በአጋጣሚ ትንሽ ቁጥር ከሆነ ይሠራል። «እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ይሠራል» የሚባለው ክርክር ከዚህ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ለምትጠሩት ለእያንዳንዱ ፋንክሽን አርግታይፕስ (የሚቀበለውን) እና ሬስታይፕ (የሚመልሰውን) ጻፉ። ምንም የማይመልስ ከሆነ ሬስታይፑን «ነን»፣ የፓይተንን «ምንም»፣ አድርጉት። አንድም አትዝለሉ። ሬስታይፑን አስተካክላችሁ አርግታይፕሱን ብትተዉ ያው ናችሁ፤ ሲታይፕስ ያልተነገረውን የፓይተን ቁጥር ሲያስተላልፍም ወደ ኢንት ይቆርጠዋል። አርግታይፕስ ከተጻፈ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው፦ የማይሆን ነገር ስታስተላልፉ ክራሽ ከመሆኑ በፊት ፓይተናዊ ስህተት ታገኛላችሁ።

ሎንግ የሚለውን ታይፕ ተጠንቀቁ። 64 ቢት ሊነክስና ማክ ላይ 8 ባይት ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4። ሄደሩ ሎንግ ካለ ሲ ሎንግ ጻፉ እንጂ በራሳችሁ ሒሳብ 64 ቢት ኢንት አትተኩበት። ሳይዝ ቲ ካለ ሲ ሳይዝ ቲ። እንደ ፕሪንትኤፍ ያሉ የአርጊውመንታቸው ቁጥር የማይታወቅ ፋንክሽኖችን ደግሞ ባትጠሩ ይሻላል። በአፕል አርም ፕሮሰሰሮች ላይ አርጊውመንት የሚተላለፍበት መንገድ ከተራ ፋንክሽን ይለያል። ካልቀረም ቋሚዎቹን አርጊውመንቶች በአርግታይፕስ ሳታሳውቁ አትጥሩ።

የምወዳት ዘዴ አለች። ላይብረሪው ሁለት ሦስት ዓይነት ሃንድል (ዕቃውን የምንጠራበት ፖይንተር) የሚሰጥ ከሆነ፣ ሁሉንም ሲ ቮይድ ፒ ከማለት ለእያንዳንዱ ከሲ ቮይድ ፒ የሚወርስ ባዶ ክላስ ፍጠሩ። አንደኛ፣ የዳታቤዙን ሃንድል ለፋይሉ ፋንክሽን ብትሰጡ ፓይተን ይከለክላችኋል። ሁለተኛ፣ ተራው ሲ ቮይድ ፒ ሲመለስ ወዲያው የፓይተን ቁጥር ይሆናል፤ ወራሹ ግን ክላሱን እንደያዘ ይመለሳል። ሦስት መስመር ኮድ ናት።

5. ስትሪንጎችና በፈሮች

የፓይተን ባይትስ አይለወጥም ተብሎ የተሠራ ነው። ሲ ግን ይህን አያውቅም። ሄደሩ ላይ «ኮንስት» የሌለው የቻር ፖይንተር ካያችሁ ፋንክሽኑ ሊጽፍበት ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ባይትስ አትስጡ። ክሪኤት ስትሪንግ በፈር በሚባለው ፋንክሽን የራሳችሁን በፈር ፍጠሩና እሱን ስጡ።

መጠኑን ስትወስኑ ፊደል ሳይሆን ባይት ቁጠሩ። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ ሌን ብትሉ 3 ይላችኋል። ባይቷ ግን 9 ነው። ሲ ደግሞ ስትሪንግ ማለቁን የሚያውቀው መጨረሻው ላይ ባለ ዜሮ ባይት ስለሆነ 10 ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተሞከረ ኮድ የአማርኛ ስም ሲገባበት የሚወድቀው አንዳንዴ በዚህ ነው። መጀመሪያ ኢንኮድ አድርጉ፣ የኢንኮዱን ርዝመት ውሰዱ፣ አንድ ጨምሩ። በፈርና መጠን አብሮ የሚቀበል ፋንክሽን ከሆነም ሁለቱን ለየብቻ አትጻፉ፤ መጠኑን ከበፈሩ ላይ በሳይዝኦፍ አውጡት። በእጅ የተጻፈ 256 አንድ ቀን ይረሳል።

ሲ ስትሪንግ ሲመልስላችሁስ? ሬስታይፑን ሲ ቻር ፒ ካላችሁት ሲታይፕስ ጽሑፉን ገልብጦ ባይትስ ይሰጣችሁና አድራሻውን ይጥለዋል። ላይብረሪው «ከጨረስክ ልቀቀው» የሚል ከሆነ የምትለቁት አድራሻ የላችሁም፤ ሜሞሪው ፈሶ ይቀራል። እንዲህ ላለው ሬስታይፑን ሲ ቮይድ ፒ አድርጉ፤ ጽሑፉን በስትሪንግአት ገልብጡ፤ ከዚያ አድራሻውን ለላይብረሪው የመልቀቂያ ፋንክሽን መልሱ።

6. ባለቤቱ ማን ነው? እስከ መቼ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ድንበሩን ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ፖይንተር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን መደበው፣ ማን ይለቀዋል፣ እስከ መቼ መኖር አለበት። እኔ ከፋንክሽኑ አጠገብ ኮሜንት አድርጌ ነው የምጽፈው። ዶክመንቴሽኑ መልሱን ካልነገራችሁ የላይብረሪውን ኮድ ክፈቱ። በግምት አትለፉት፤ ሲ ውስጥ ፖይንተርን በማየት ብቻ ባለቤቱን ማወቅ አይቻልም።

ፓይተን ዕቃውን የሚይዘው እሱን የሚጠራ ስም እስካለ ድረስ ነው። የመጨረሻው ስም ሲጠፋ ሜሞሪውን ይለቃል። ሲ ያንን አድራሻ በኪሱ መያዙን ፓይተን በምን ያውቃል? ተከራይ ቤቱን ለቆ በድሮው ቁልፍ እንደመግባት ነው። ባዶ ሆኖ ካገኘው ምንም አይመስልም። አዲስ ሰው ገብቶበት ከሆነ ግን ጠብ ነው።

ይህ የሚደበቅባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

አንዱ ጊዜያዊ ዕቃ ነው። ነምፓይ (የቁጥር አሬይ ላይብረሪ) ላይ ሁለት አሬይ ደምራችሁ በዚያው መስመር የውጤቱን የዳታ አድራሻ ብትወስዱ፣ መስመሩ ሲያልቅ የድምሩ አሬይ ይሞታል፤ በእጃችሁ የቀረው የሟች አድራሻ ነው። ድምሩን መጀመሪያ ስም ስጡት፤ ጥሪው እስኪያልቅም ስሙን አትንኩት። እግረ መንገዴን፣ ነምፓይ አሬይ ስታስተላልፉ ታይፑ ሲው ከሚጠብቀው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዳታውም ሳይቆራረጥ ተከታትሎ መቀመጡን አረጋግጡ። ፍሎት 32 አስተላልፋችሁ ሲው ደብል ከጠበቀ እጥፍ ርቀት ያነባል። ከአሬይ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ቆርጣችሁ ከሰጣችሁም ሲው መዝለሉን አያውቅም።

ሁለተኛው ኮልባክ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ላይብረሪ ዳታ ሲመጣ የሚጠራው ፋንክሽን እንድሰጠው ይጠይቅ ነበር። የፓይተን ፋንክሽኔን በሲኤፍፋንክታይፕ ጠቅልዬ እዚያው ጥሪው ውስጥ ሰጠሁት። ለጥቂት ሰከንድ ሸጋ አድርጎ ይሠራል፤ ከዚያ ይሞታል። «ፋንክሽኔ እኮ አለ፣ ሞጁሉ ላይ ተጽፎ» እያልኩ ሁለት ቀን ላይብረሪውን ስወቅስ ከረምኩ። ፋንክሽኑማ አለ። የሞተው መጠቅለያው ነው። ሲ የያዘው አድራሻ የመጠቅለያው ስለሆነ፣ መጠቅለያው ራሱ ስም ኖሮት መቀመጥ አለበት። አሁን ሁልጊዜ የኦብጀክቱ ፊልድ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ላይብረሪው «ከእንግዲህ አልጠራህም» እስኪል አለቀውም። ኮልባኩ ውስጥ ደግሞ ኤክሴፕሽን እንዲያመልጥ አትፍቀዱ። ስህተቱ ይታተማል እንጂ ወደ ጠሪው አይሻገርም፤ ሲው የማይረባ መልስ ይዞ ይቀጥላል። መላውን አካል በትራይ ክበቡና የስህተት ቁጥር መልሱ።

ሦስተኛው መልቀቅ ነው። ላይብረሪው የመደበውን በላይብረሪው ፋንክሽን ልቀቁ። የራሱ መልቀቂያ እያለው የሲን ፍሪ ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ አትጥሩበት፤ በተለይ ዊንዶውስ ላይ ሁለት ላይብረሪዎች ሁለት የተለያዩ ሂፖች ሊኖሯቸው ይችላል። አንዴ ከለቀቃችሁ በኋላ ፊልዱን ወዲያው ነን አድርጉት፤ እያንዳንዱ ሜተድም መጀመሪያ እሱን ይፈትሽ። እንዲህ ስታደርጉ ሁለቴ መልቀቅ ከክራሽ ወደ ተራ ኤክሴፕሽን ይወርዳል። መልቀቁን ዴል ሜተድ ላይ ከመጣል ዊዝ የሚለውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ለተረሳውም ዊክሬፍ ውስጥ ያለውን ፋይናላይዝ መጠባበቂያ ማድረግ ነው። ዴል መቼ እንደሚጠራ እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል፤ ፓይተን ሲዘጋ ደግሞ ይባስ።

7. ስትራክቶችን በቁጥር አመሳክሩ

አንድ ቻርና አንድ ደብል ያለው ስትራክት ስንት ባይት ነው? 1 ሲደመር 8፣ 9 የሚል ይኖራል። በተለመዱት 64 ቢት ማሽኖች መልሱ 16 ነው፤ ደብሉ በ8 በሚካፈል አድራሻ እንዲያርፍ ኮምፓይለሩ መሀል ላይ 7 ባይት ባዶ ይተዋል። ሲታይፕስም ይህን ሕግ ያውቃል። እኛ ግን አንድ ፊልድ ስንረሳ፣ ቅደም ተከተሉን ስናዛባ፣ ወይም ሄደሩ «አጠጋጋው» የሚል የፓክ ትእዛዝ እንዳለው ሳናይ ስንቀር የሁለቱ ሥዕል ይለያያል። የእኛው ካነሰ ሲው ሲሞላው ድንበር ይገፋል።

ዓይንን ማመን አያስፈልግም። ሄደሩን የሚያስገባ የአምስት መስመር ሲ ፕሮግራም ጻፉ፤ የስትራክቱን ሳይዝኦፍና የየፊልዱን ኦፍሴትኦፍ ያትም። ፓይተን ላይም እንዲሁ አትሙ። ቁጥሮቹ አንድ መሆን አለባቸው። ንጽጽሩን የቴስት ፋይል ውስጥ አስቀሩት፤ ላይብረሪው አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ስትራክቱ ላይ ፊልድ መጨመሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

8. ትሬድ

ሲታይፕስ በተለመደው ሲዲኤልኤል በኩል ሲጠራ ጥሪው እስኪያልቅ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገውን የፓይተንን ትልቁን ቁልፍ፣ ጊልን፣ ይለቃል። ሌላ ትሬድ በዚያው ቅጽበት እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ላይብረሪው ለብዙ ትሬድ ካልተሠራ በራሳችሁ ሎክ ጥሪውን ጠብቁት። ሎኩን ካደረጋችሁ በኋላ ክራሹ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በተቃራኒው የምትጠሩት የፓይተንን የራሱን የሲ ፋንክሽኖች ከሆነ ፓይዲኤልኤልን ተጠቀሙ፤ እሱ ጊልን አይለቅም።

9. እጅ ከፍንጅ መያዝ

እስካሁን ካልተገኘ መሣሪያ ማውጣት ነው። ላይብረሪው የሚሞትበትን ቦታ ብቻ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፓይተንን በጂዲቢ (ዲበገር ነው) ውስጥ አስነሱት፤ ረን በሉ፣ ሲወድቅ ቢቲ በሉ። በሲው በኩል ማን ማንን እንደጠራ ይዘረዝራል። ላይብረሪው ከዲበግ መረጃ ጋር ካልተኮምፓየለ ግን የፋይልና የመስመር ቁጥር አይገኝም።

የላይብረሪው ኮድ በእጃችሁ ካለ አድሬስ ሳኒታይዘርን ተጠቀሙ። ጂሲሲም ክላንግም ላይ አለ፤ ስትኮምፓይሉ አማራጩን መጨመር ነው፣ ከዲበግ መረጃው ከዳሽ ጂ ጋር። ድንበር ሲገፋ እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት ያስቆመዋል። ሪፖርቱም ግሩም ነው፦ ሜሞሪው የት እንደተነካ፣ የት እንደተመደበ፣ ተለቆ ከሆነም የት እንደተለቀቀ ይነግራችኋል። ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ለሙከራ ምንም አይደል። ፓይተኑ ራሱ በሳኒታይዘር ስላልተኮምፓየለ የሳኒታይዘሩን ላይብረሪ በኤልዲ ፕሪሎድ ቀድማችሁ ማስጫን አለባችሁ፤ አለዚያ ገና ሲነሳ ያጉረመርማል። የሊክ ፍተሻውንም አጥፉት፤ ፓይተን ሲዘጋ የማይለቃቸው ነገሮች ስላሉ ሪፖርቱ በማይመለከታችሁ ነገር ይሞላል።

ኮዱ ከሌላችሁ ቫልግሪንድ አለ። የተኮምፓየለውን ፋይል እንዳለ ይቀበላል። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ከ10 እስከ 50 እጥፍ ያዘገያል። ደረጃ 3 ላይ ያሳነሳችሁት ስክሪፕት አሁን ይጠቅማል።

ለሁለቱም አንድ ነገር አትርሱ፦ ፓይተንማሎክ የሚባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ማሎክ በሉት። ፓይተን 512 ባይትና ከዚያ በታች ለሆኑ ዕቃዎች ሜሞሪ በጅምላ ወስዶ በራሱ ይሸነሽናል። መሣሪያው የሚያየው ጅምላውን ብቻ ስለሆነ የውስጡ ድንበር ሲጣስ አይታወቀውም። ማሎክ ስትሉት እያንዳንዷ ዕቃ ለየብቻ ትመደባለች። መሣሪያዎቹን የመጫን ፈቃድ ከሌላችሁም ያንኑ ቫሪያብል ዲበግ በሉት፤ ፓይተን በየዕቃው ዙሪያ የጥበቃ ባይቶች ያስቀምጥና ዕቃው ሲለቀቅ ተነክተው እንደሆነ ይፈትሻል። እንደ ሳኒታይዘሩ ወዲያው አይይዝም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ሪፖርቱ ሲወጣ የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ አንብቡ። የቀሩት ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

10. ማስተካከል ካልቻላችሁ አርቁት

አንዳንዴ ጥፋቱ እውነትም ላይብረሪው ውስጥ ነው፤ ኮዱም በእጃችሁ የለም። ያኔ ላይብረሪውን የሚነካውን ክፍል ለብቻው ፕሮሰስ ስጡት። ፕሮሰስፑልኤክሲኪዩተር ውስጥ ሠራተኛው ፕሮሰስ ሲሞት ዋናው አይሞትም፤ ብሮክንፕሮሰስፑል የሚባል ኤክሴፕሽን ይደርሰዋል። ፑሉ ግን ከዚያ በኋላ አያገለግልም፤ ጥላችሁ አዲስ ፍጠሩ። የማስነሻ ዘዴውን ስፖውን (ልጁን ፕሮሰስ ከባዶ የሚያስነሳውን) አድርጉት። ፎርክ ከሆነ ልጁ የወላጁን ሜሞሪ፣ ላይብረሪው የተበላሸ ነገር ይዞ ከሆነም ያንኑ፣ ይወርሳል። ዳታ በፕሮሰሶች መሀል ማመላለስ ጊዜ ይወስዳል። ጥሪው ትንሽና ተደጋጋሚ ከሆነ ብዙ ሥራ ሰብስባችሁ በአንዴ ላኩ።

ማገናኛ ኮዱ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ከሲታይፕስ መውጣትን አስቡ። ሲኤፍኤፍአይ በኤፒአይ ሞዱ የጻፋችሁትን መግለጫ ከእውነተኛው ሄደር ጋር በሲ ኮምፓይለር ስለሚያመሳክር የ4 እና የ7 ጣጣ አብዛኛው ኮምፓይል ሲደረግ ይያዛል። የባለቤትነቱን ጥያቄ ግን አይመልስላችሁም። አዲስ ፈጣን ሞጁል ከባዶ የምትጽፉ ከሆነና ረስት መማር ካላስፈራችሁ በፓይኦ3 ጻፉት፤ እዚያ አንሴፍ ብላችሁ ካልከፈታችሁ በስተቀር ኮምፓይለሩ ባለቤቱን ሳያውቅ አያሳልፍም።

ለብቻው ባደረጋችሁት ፕሮሰስ ላይ አንዲት ነገር ጨምሩ። እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግብዓቱን ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ሲጨርስ ያጥፋው። ሠራተኛው ሲሞት ፋይሉ ላይ የቀረው የገደለው ግብዓት ነው። እሱን ወስዳችሁ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።